ወንዝ ሲሞላ፣ ጀልባ ሲገለበጥ፦ የድረሱልኝ ምልክት ለመስጠት ምን እንያዝ?

ለመዝናናት ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች (ስኩባ ዳይቨሮች) አንድ ትልቅ ስጋት አላቸው፦ ከውሃው ሲወጡ ጀልባቸው ርቆ ማግኘት። ውሃ ላይ ያለ ሰው የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ትንሽ ማዕበል ካለ ደግሞ ከሩቅ የሚያየው ሰው ተንሳፋፊ ቅል ነው ብሎ ያልፈዋል። ለዚህ ነው ፊሽካ፣ መስታወት፣ ባትሪና ደማቅ ፊኛ ይዘው የሚገቡት።

እኛ ጋ ባሕር የለም፤ ውሃ ግን አለ። ከገበዝ ማርያም እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያለ ሰው ክረምት ሲገባ ብር፣ ላህ፣ ተምጫ ወይ ፈታም ይጠብቀዋል። ቆላ የወረደ ዓባይን ያገኛል። ባሕር ዳር የሄደ ደግሞ ጣና ላይ ጀልባ ይሳፈራል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ መሃል ላይ የተገለበጠን ታንኳ ከዳር ሆኖ ማየት ከባድ ነው።

ታዲያ ከጠላቂዎቹ ዕቃ የትኛው ለእኛ ይሆናል?

1. ፊሽካ
አንድ ነገር ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ይሄን ግዙ። «ኡኡ» ማለት የአገራችን የቆየ የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ ግን ጉሮሮ ቶሎ ይዘጋል፣ የሞላ ወንዝ ድምፅም ይውጠዋል። ፊሽካ በትንሽ ትንፋሽ ሩቅ ይሰማል። ስትመርጡ ውስጡ ኳስ የሌለውን ፕላስቲክ ፊሽካ ያዙ፤ ኳስ ያለው ውሃ ሲገባበት ሊታፈን ይችላል። ኪስ ውስጥ ሳይሆን ደረታችሁ አካባቢ ልብሳችሁ ላይ እሰሩት። አነፋፉ፦ 3 ጊዜ ንፉ፣ ትንሽ አርፋችሁ አዳምጡ፣ እንደገና 3 ጊዜ። ሦስት ተከታታይ ምልክት በብዙ አገር «ድረሱልኝ» ማለት ነው።

2. መስታወት
ፀሐይ ካለ የኪስ መስታወት ነጸብራቅ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ይታያል። አሮጌ ሲዲም ይሠራል። አንድ እጃችሁን ዘርግታችሁ ሁለት ጣት እንደ «ቪ» ክፈቱ፣ የምትጠሩትን ሰው በጣቶቹ መሃል እዩት፣ ከዚያ ብርሃኑን ጣቶቻችሁ ላይ አሳርፉና ወዲያ ወዲህ አወዛውዙት። ደመና ከሆነና ማታ ግን ዋጋ የለውም። ክረምት ላይ መስታወት ብቻ ይዞ መውጣት የማይበቃው ለዚህ ነው።

3. ባትሪ
ለማታ የግንባር ባትሪ ከእጅ ባትሪ ይሻላል፤ እጃችሁ ለመያዝና ለመዋኘት ነፃ ይሆናል። ውሃ የማያስገባ መሆኑን ስትገዙ ጠይቁ። ምልክቱ፦ 3 አጭር፣ 3 ረጅም፣ 3 አጭር ብልጭታ። የስልክ ባትሪ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ቻርጁ ለመደወል ያስፈልጋችኋል።

4. ደማቅ ቀለም
ጠላቂዎች ብርቱካናማ ፊኛ ነፍተው ወደ ላይ ያቆማሉ። እኛ ጋ ቅርቡ ነገር ቢጫ ጄሪካን ነው። ባዶ ሆኖ ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል፣ ሰውም ይይዘዋል። የላይፍ ጃኬት ምትክ ግን አይደለም። ጣና ላይ ጀልባ ስትሳፈሩ ጃኬቱን ጠይቁና ልበሱት፤ ወንበር ሥር የተቀመጠ ጃኬት ማንንም አያድንም።

5. ስልክ
መጀመሪያ ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጉት፤ ከሌለ ሁለት ፌስታል ደራርባችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ። ኔትወርክ ሲደክም ጥሪ ባይሄድም ቴክስት ሊያልፍ ይችላል። ጂፒኤስ ያለ ዳታም ይሠራል፦ የአካባቢያችሁን ካርታ አስቀድማችሁ ጎግል ማፕ ላይ አውርዱ፣ ያላችሁበት ቦታ ላይ ጣታችሁን ጭናችሁ ስትይዙ ሁለት ቁጥር ያወጣል። ለምሳሌ ፍኖተ ሰላም 10.70 እና 37.27 አካባቢ ናት። ግን ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ከላካችሁ ፈላጊው አንድ ኪሎ ሜትር ሊስት ይችላል፤ አራት አሃዝ ከላካችሁ ስህተቱ ወደ 10 ሜትር ይወርዳል። ቴክስቱ አጭር ይሁን፦ ማን፣ የት፣ ስንት ሰው፣ ምን ሆነ። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የቀበሌያችሁን ስልክም መዝግቡ።

6. የሳተላይት መሣሪያ
ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ባሕር ላይ ሲወጡ «ፒ ኤል ቢ» የሚባል መጥሪያ ቢይዙ ይመከራል። በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ኮስፓስ-ሳርሳት ሳተላይቶች ምልክት ይልካል፣ የስልክ ኔትወርክ አይፈልግም። በስም ተመዝግቦ ነው የሚያዘው። ወደ ኢትዮጵያ የሳተላይት መሣሪያ ይዞ ለመግባት ግን አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

አታድርጉ
ለድረሱልኝ ብላችሁ ጥይት ወይም ርችት አትተኩሱ። በዚህ ጊዜ የተኩስ ድምፅ የሰማ ሰው ወደ እናንተ አይመጣም፤ ይሸሻል፣ ወይም መልሶ ይተኩሳል። ሰው ሲወሰድ ያያችሁ ደግሞ ዘላችሁ አትግቡ፤ ገመድ፣ ረጅም ዱላ ወይም ጄሪካን ወርውሩለት።

ባጭሩ፦ ወንዝ ተሻግሮ ለሚማር ልጅ ፊሽካ፤ ማታ ለሚመጣ ፊሽካና የግንባር ባትሪ፤ ጣና ላይ ለሚሄድ ላይፍ ጃኬት ከነፊሽካው፣ መስታወትና በከረጢት ያለ ስልክ።

አንድ ነገር አንርሳ። ምልክት መስጫ ወንዝ አያሻግርም። ውሃው ከደፈረሰና ግንድ እየገፋ ከመጣ ጎደል እስኪል መጠበቅ ነው። ደግሞ ፊሽካ የሚሠራው የሚሰማው ሰው ትርጉሙን ሲያውቅ ነው። ዛሬ ማታ ለቤተሰብና ለጎረቤት ንገሩ፦ «ከወንዙ በኩል ሦስት ጊዜ ከተነፋ፣ ሰው ተቸግሯል ማለት ነው።»

ክረምቱ ሳይገባ ለሚመለከተው ሼር አድርጉ።