«ልኬያለሁ» ደረሰኝ አይደለም

ቅዳሜ ማታ ነው እንበል። ምግብ ቤቱ ሞልቷል። አራት ሰዎች ጥብስና ክትፎ በልተው፣ ቢራቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ሂሳቡ 4,200 ብር ይመጣል። አንደኛው ስልኩን ነካካ ያደርግና «ተሳክቷል» የሚል ገጽ ለአስተናጋጇ እያሳየ «ልኬያለሁ እህት» ይላታል። እሷም መጠኑንና የድርጅቱን ስም አይታ፣ አመስግና ትሸኛቸዋለች። ሌሊት ሂሳብ ሲዘጋ 4,200 ብሩ የለም። በማግስቱ ባለቤቱ «ማን ነበር ያስተናገዳቸው?» ብሎ ይጠይቅና ገንዘቡ ከልጅቷ ደመወዝ እንዲቆረጥ ያዛል።

እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ቤት ገመና ብቻ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ፣ ከትልቁ ሆቴል እስከ ሰፈር ቁርስ ቤት በስልክ መክፈል ተለምዷል። ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ ከመዞር አድኖናልና መልካም ነው። ይሁን እንጂ ፎርጅድ ብርን በጣቱ ዳስሶ የሚለይ ካሸር፣ በሰው ስልክ ላይ ያለን ምስል ዳስሶ ሊለይ አይችልም።

የነገሩ ቁልፍ አንድ ነው። ክፍያ መፈጸሙን የሚያረጋግጠው ከፋዩ የሚያሳየው ምስል ሳይሆን በተቀባዩ ሒሳብ ውስጥ የገባው ገንዘብ ነው። በብዙ ምግብ ቤቶች ግን የገቢ መልዕክቱ የሚደርሰው በባለቤቱ ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ላይ ነው። ባለቤቱ ቤቱ ተኝቷል፤ አስተናጋጇ ደግሞ የእንግዳውን ስልክ ከማመን ሌላ ምርጫ የላትም።

ማታለያው እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው የተለመደው ሐሰተኛ ምስል ነው። የቆየ ደረሰኝ ላይ ቀኑንና መጠኑን መቀየር ወይም የባንክ መተግበሪያ መስሎ ሐሰተኛ ደረሰኝ በሚያወጣ አፕ መጠቀም ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። አንዳንዱ እንዲህ እንኳ አይደክምም፤ የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት ያለውን ገጽ አሳይቶ ይሄዳል፤ ወይም 4,200 በማለት ፈንታ 420 ልኮ በጥድፊያ ያሳልፋል።

ሁለተኛው በስልክ ትእዛዝ የሚመጣው ነው። ደዋዩ ለብዙ ሰው ምግብ ያዛል፤ ወዲያው ገንዘብ የገባ የሚመስል የጽሑፍ መልዕክት ይደርሳል። ቀጥሎ «ይቅርታ፣ አብልጬ ልኬ ኖሯል፤ ትርፉን ለሞተረኛው ስጡልኝ» ይላል። ምግቡም ጥሬ ገንዘቡም አብረው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ማስታወስ የሚገባው የቴሌብር መልዕክት የሚመጣው በ127 መሆኑን ነው። ከተራ የሞባይል ቁጥር የመጣ «የቴሌብር» መልዕክት ሐሰት ነው።

ሦስተኛው በጠረጴዛ ላይ በተለጠፈው ኪውአር ኮድ ላይ ሌላ ሰው የራሱን መለጠፉ ነው። እንግዳው በቅንነት ይከፍላል፤ ገንዘቡ ግን ሌላ ቤት ይገባል። አራተኛውን መደበቅ አይገባም፤ ከውስጥ ሆኖ «በዚህ ቁጥር ላኩልኝ» እያለ የራሱን ሒሳብ የሚሰጥ ሠራተኛም አለ።

ሳይቃጠል በቅጠል

መከላከያው ውድ አይደለም። በመጀመሪያ ክፍያው የሚገባው በድርጅቱ የነጋዴ ሒሳብ ይሁን እንጂ በባለቤቱም ሆነ በሠራተኛው የግል ሒሳብ አይሁን። የገቢ መልዕክት የሚቀበል አንድ ስልክ ቻርጅ ተደርጎ ሁልጊዜ ካሸሩ ዘንድ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ አስተናጋጁ «ተከፍሏል» የሚለው ካሸሩ በድርጅቱ ስልክ ላይ የላኪውን ስም፣ መጠኑን፣ ሰዓቱንና የግብይት ቁጥሩን አይቶ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። የግብይት ቁጥሩ በሂሳቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከመጣ አንዱ ሐሰት ነው።

ሦስተኛ፣ በስልክ የታዘዘ ምግብ ምድጃ ላይ የሚወጣው ገንዘቡ መግባቱ ሲረጋገጥ ነው። ትርፍ ተልኳል ከተባለ በቅድሚያ ሒሳቡ ይታይ፤ እውነት ከሆነም የሚመለሰው ገንዘቡ በመጣበት ሒሳብ እንጂ በሞተረኛ እጅ አይደለም። «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚል ሰው የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በመልዕክት የመጣ ኮድ በፍጹም አይነገርም።

አራተኛ፣ ኪውአር ኮዱ በመስታወት ሥር ይቀመጥ፤ ጠዋት ከመከፈቱ በፊትም አንድ ሰው ስካን አድርጎ የሚወጣው ስም የድርጅቱ መሆኑን ይይ። ማታም የሽያጩ ወረቀትና የሒሳቡ ገቢ ይመሳከር።

እዚህ ላይ ለእንግዳውም ፍርድ ያስፈልጋል። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት፣ በተለይ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው የተላከ ገንዘብ ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ያልደረሰ ገንዘብ ሁሉ የሌባ አይደለም። ስለዚህ «ክፍያዎ እስኪደርሰን ጥቂት ይጠብቁን» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ማንም አይሰደብም። ከዘገየም በሌላ መንገድ እንዲከፍሉ ወይም ስምና ስልክ አስመዝግበው እንዲሄዱ በአክብሮት መጠየቅ ይቻላል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሐሰተኛ ደረሰኝ አሳይቶ መሄድ «ብልጠት» ሳይሆን ወንጀል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በአንቀጽ 9 የኮምፒዩተር ዳታን ወደ ሐሰት መለወጥን፣ በአንቀጽ 10 በአሳሳች ዳታ ሰውን ማታለልን ይከለክላል። ለኋለኛው ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይደርሳል። ጉዳት የደረሰበት ቤት የሂሳቡን ወረቀት፣ የመጣውን መልዕክትና የደዋዩን ቁጥር ይያዝ፤ የካሜራው ምስል በሌላ ሳይተካ ያስቀምጥ፤ ለባንኩና ለፖሊስም በፍጥነት ያመልክት። ተጠርጣሪን መደብደብ ወይም ስልኩን መቀማት ግን ተበዳዩን ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል።

አሁን ወደ አስተናጋጇ እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 እንደደነገገው፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ካልተፈቀደ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በስተቀር አሠሪ ከደመወዝ ሊቆርጥ አይችልም። የሚቆረጥበት ምክንያት ቢኖር እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ደመወዟ 6,000 ብር ከሆነ ቢበዛ 2,000 ብር ማለት ነው። «ፈርሚ፣ ካልሆነ ውጪ» ተብሎ የተገኘ ፊርማም ነጻ ፈቃድ ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው።

ከገንዘቡ ጋር ተመሳጥራ ከሆነ ሕግ አለ፤ ትጠየቅ። የቤቱን ደንብ ተነግሯት፣ ስልኩ አጠገቧ እያለ ሳታይ ካሳለፈችም ጥፋቷ ይመዘን። ነገር ግን ማረጋገጫው በባለቤቱ ኪስ ውስጥ እያለ የታለለችን ሠራተኛ ማስከፈል፣ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ዘበኛውን «በሩን ለምን አልቆለፍክም?» እንደማለት ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ግን የመጠርጠሩን ሥራ ለአንዲት አስተናጋጅ ብቻ መተው ፍትሕ አይሆንም። ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ ነገ በር ከመክፈታችሁ በፊት የገቢ መልዕክት የሚደርሰው ስልክ በማን እጅ እንዳለ ተመልከቱ። በእናንተ ኪስ ከሆነ አውጡና ካሸሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።