ናፍጣ ወደ ቅንጡ መኪና ሲገባ
የቱርቦ ናፍጣ ሞተር፣ ኦኤም 617
ባለ 5 ሲሊንደር፣ 3 ሊትር
ለመርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስዲ የተሠራ፤ ምዕራብ ጀርመን፣ 1978 እ.ኤ.አ.

ናፍጣ በዚያ ዘመን የታክሲና የጭነት መኪና ነገር ነበር፤ ቆጣቢና ጠንካራ፣ ግን ጯሂና ዘገምተኛ። ባለጠጎች በሚነዱት ትልቁ መርሴዲስ ውስጥ ያስገባው የመሐንዲሶች ፍላጎት ብቻ አይደለም። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ አሜሪካ በአምራቾች መኪኖች አማካይ የነዳጅ ፍጆታ ላይ በሕግ ገደብ ጣለች። 300 ኤስዲ የተሸጠውም በአሜሪካና በካናዳ ብቻ ነው። የሠሩት ጀርመኖች በአገራቸው ሊገዙት አይችሉም ነበር!

በጎኑ ያለውን ቀንድ አውጣ መሰል ክፍል ይመልከቱ፤ ቱርቦው እሱ ነው። ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው ጭስ በውስጡ ያለውን ተርባይን ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው መጭመቂያ ደግሞ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። አየር ሲበዛ ብዙ ናፍጣ ማቃጠል ይቻላል። ቱርቦ የሌለው ወንድሙ 80 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ይህኛው 115 የደረሰው በዚህ ነው። ሙቀቱ ስላየለም ፒስተኖቹ ከሥር በሚረጭ ዘይት ይቀዘቅዛሉ።

115 ለዚያ ከባድ መኪና ብዙ አይደለም፤ 300 ኤስዲ ፈጣን የሚባል አልነበረም። ይሁንና ይኸው ሞተር ጉልበቱ ተጨምሮለት ሲ 111 በተባለው የሙከራ መኪና ላይ ተገጠመ፤ በ1978 በጣሊያን ናርዶ የመሞከሪያ መንገድም ለ12 ሰዓታት በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት ሮጠ።

300 ኤስዲ በዓለም ቱርቦ ናፍጣ ሞተር ተገጥሞለት በመደበኛነት ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የቤት መኪና ነው።