የቤት ኪራይና የደመወዝ ነገር በአዲስ አበባ

በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር በአዲስ አበባ ለተቀጣጠለው እንቅስቃሴ ከዋነኞቹ መነሻዎች አንዱ የኑሮ ውድነት ነበር። የነዳጅ ዋጋ በመናሩ የታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ፤ መምህራን ከክፍል ወጡ፤ በወሩ መጨረሻም የሠራተኛ ማኅበራት ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ደመወዝ ይጨመር የሚለው ጥያቄ በየሰልፉ ተሰማ። ከአሥራ ሰባት ወራት በኋላ ለከተማው ሕዝብ የመጣው ትልቁ መልስ ግን በደመወዝ በኩል ሳይሆን በቤት ኪራይ በኩል ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከወር ኪራዩም እስከ 300 ብር ያለው ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰለት፤ ኪራዩ ባነሰ መጠን ቅነሳው ከፍ እንዲል ተደረገ። ይህ አከፋፈል በራሱ ፍትሐዊ ነበር። የከተማው መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ በነበረበትና አብዛኛው ነዋሪ በተከራይነት በሚኖርበት ዘመን፣ ከአነስተኛ ደመወዙ ላይ ለባለቤቱ ይከፍል የነበረው ገንዘብ በከፊል በኪሱ ቀረለት። ለዘበኛው፣ ለጽዳት ሠራተኛው፣ ለቀን ሠራተኛው፣ መንግሥት ከግምጃ ቤቱ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ የተደረገ የደመወዝ ጭማሪ ማለት ነበር።

ደመወዙ ራሱ ግን እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀ ወጣት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀጠር የሚነሣበት 500 ብር በደርግ ዘመን ሁሉ 500 ብር እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ኪራዩን ከፍ ማድረግ ደመወዝን እንደ መቁረጥ ይቆጠር ነበርና የሚደፍር አልተገኘም።

ታዲያ የቅነሳውን ዕዳ ማን ከፈለ? በመጀመሪያ የከፈሉት የትርፍ ቤት ባለቤቶች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሁለት ክፍል አከራይተው የሚተዳደሩ መበለቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ዕዳው ወደ ቤቱ ግድግዳ ተሻገረ።

ነገሩ በሒሳብ ይታያል። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። በወር 20 ብር ይከፈልበት የነበረ የጭቃ ቤት ወደ 10 ብር ወረደ እንበል፤ የዓመት ገቢው 120 ብር ነው። ቀበሌው ከዚህ ገቢ የጥበቃና የጽሕፈት ሠራተኞቹን ይከፍላል፤ ለሠፈሩ ልዩ ልዩ ሥራም ያወጣል። ለጥገና የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የባሕር ዛፍ ቋሚ በመሬት ውስጥ የተቀበረው ጫፉ በእርጥበትና በምስጥ ይበላል፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ዝናብ የግድግዳውን እግር ይሸረሽራል፤ ቆርቆሮው በሚስማሩ ዙሪያ ይዝጋል። ምርጊቱ በየጊዜው ካልታደሰ፣ ቋሚው ካልተለወጠ ቤቱ ይንጋደዳል። ነዋሪው በገዛ ገንዘቡ ላድስ ቢል ፈቃድ ያሻዋል፤ ቢያድስም ቤቱ የእርሱ አይደለም። ቤተሰብ ሲበዛ ቆጥ ይሠራል፣ ከጓሮ ይቀጠላል፣ ደባል ይገባል። ለሁለት ክፍል የታሰበ መጸዳጃ ለሃያ ሰው ሆነ።

የግል ቤት ባለቤቱም ዘንድ ሒሳቡ አልተስተካከለም። በ1968 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 80 የተደነገገው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ ሕዝቡ «የጣሪያና ግድግዳ» የሚለው፣ በዘመኑ የኪራይ ግምት ላይ ቆሞ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ ከዚያም የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ደጋግሞ ሲሻሻል፣ ግምቱ አልተነካም። በዋና መንገድ ዳር ትልቅ ቪላ ያለው ሰው ለከተማው የሚከፍለው ገንዘብ አስፋልቱንና የውሃ መፋሰሻውን ከቶ አይመጥንም ነበር፤ የቀበሌ ቤት ኪራይም ከጥቂት ብር አላለፈም። ለድኻው ሲባል የተደረገው ቅነሳ ለባለጸጋውም መጠለያ ሆነ ማለት ይቻላል። ከሁለቱም ወገን ገቢ ያጣው ማዘጋጃ ቤት ቦይ ሳይጠርግ፣ ድልድይ ሳይጠግን ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

በ2015 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በአሮጌው ዐዋጅ መሠረት የጣሪያና ግድግዳውን ግብር በአዲስ ግምት ማስከፈል ሲጀምር ብርቱ ቅሬታ ተነሣ። ቅሬታው ምክንያት ነበረው፤ ለሃምሳ ዓመት ያህል የተኛ ግምት በአንድ ጊዜ ሲነቃ በጡረታ የሚኖረውንና በቤቱ የሚነግደውን እኩል ይመታል። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ ዐዋጅን አጸደቀ። በዚያው ጊዜ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች ብዙዎቹ በኮሪደር ልማት ፈርሰው ነበር። ነዋሪዎቻቸው በጥቂት ብር ይኖሩባቸው የነበሩት እነዚያ ቤቶች ከሥራቸው አጠገብ ነበሩ፤ ወደ ከተማው ዳር ለሄዱት የአውቶቡሱ ዋጋ ከደመወዛቸው ላይ ይቆረጣል።