ከቺንጋ እስከ ትራንዚስተር፦ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይና በመርካቶ ዙሪያ የመኪና ፋንና የነዳጅ ፓምፕ ቁጥጥር ታሪክ

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አራዳንና መርካቶን ከሚያገናኙት የአዲስ አበባ አሮጌ መተላለፊያዎች አንዱ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው አባ መላ በሚለው የፈረስ ስማቸው ከሚታወቁት፣ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የጦር ሚኒስትር ከነበሩት ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። ፊታውራሪው በ1919 ዓ.ም. ሲያርፉ አውቶሞቢል ገና የቤተ መንግሥቱ፣ የጥቂት መኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች ንብረት ነበር። ዛሬ ግን በስማቸው በሚጠራው ድልድይ ላይ ሚኒባሱ፣ የጭነት መኪናውና የቤት መኪናው ተጠጋግቶ በዝግታ የሚሳብ በመሆኑ፣ ሞተር ነፋስ ሳያገኝ ምን ያህል ሊቆይ ይችላል የሚለው ጥያቄ ለአካባቢው ሾፌርና መካኒክ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጠው መልስ፣ ማለትም የራዲያተርን ፋንና የነዳጅ ፓምፕን የማብራትና የማጥፋት ሥራ ከቺንጋ ወደ ሪሌ፣ ከሪሌም ወደ ትራንዚስተር የተላለፈበት ታሪክ ነው።

ጉዳዩን በአዲስ አበባ ከሌሎች ብዙ ከተሞች የተለየ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር ከፍታ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ጅቡቲ ወይም ምጽዋ ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን የተሠራው ውሃውን በግፊት አፍኖ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ለማድረግ ሲሆን፣ ግማሽ ባር የሚይዝ ክዳን ያለው መኪና ባሕር ዳርቻ ላይ ከ111 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ሊቆይ ሲችል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ወሰኑ ወደ 106 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ክዳኑ ካረጀና ጎማው ከደረቀ ደግሞ ይህም ጥበቃ ይጠፋል። በዚህ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ አንድ ፋን በአንድ ዙር የሚስበው የአየር ክብደት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሌላ አገር ለሜዳ ተብሎ የተቀመረ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ይህች ከተማ ሲደርስ መጠባበቂያው ተሸርሽሮ ይገኛል፤ ፋኑ በሰዓቱ መነሳቱ ወይም መዘግየቱ የሞተሩን ዕድሜ የሚወስነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ በኩል ያመጣት ሲድሊ የተባለች መኪና ለአፄ ምኒልክ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። ከዚያ በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ሁለት ነገሮች በአንድነት ተከሰቱ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ የተባለው ሲመሠረት፣ በአዳዲሶቹ መንገዶች ላይ ደግሞ ትሬንታ ኳትሮ እየተባለ የተጠራውን ፊያት 634 ጨምሮ ብዙ የጭነት መኪናዎች ገቡ። የገበያውና የመኪናው ታሪክ ከዚያ ወዲህ አልተነጣጠለም።

በነዚያ መኪናዎችም ሆነ በኋላ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ባገለገለችው ሰይቼንቶ፣ ማለትም በፊያት 600፣ ፋኑ የሚዞረው በቺንጋ ነበር። ቺንጋው የሞተሩን ክራንክ ከውሃ ፓምፑና ከፋኑ ጋር ስለሚያስተሳስር የሚበራም የሚጠፋም ነገር አልነበረም፤ ሞተሩ ከዞረ ፋኑም ይዞራል። የዚህ አሠራር ቀላልነት ትልቅ ጥቅሙ ነበር፤ ሆኖም ፋኑ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከሞተሩ በመሆኑ፣ መኪናው በሰልፍ ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞርና የውጭ ነፋስ ጨርሶ ሲያጣ፣ ፋኑም በጣም የሚዘገየው በዚያው ሰዓት ነበር። በረጅሙ አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ነፋሱ ራሱ በቂ ሆኖ ሳለ ፋኑ በከንቱ ጉልበት እየበላ ይዞራል። የነዳጁም ነገር ተመሳሳይ ነበር፤ ሜካኒካል ፓምፕ የሚባለው፣ በሞተሩ ጎን ተገጥሞ በካምሻፍት እብጠት እየተገፋ በውስጡ ያለውን ስስ ሽፋን ወደ ላይና ወደ ታች በማድረግ ቤንዚን ከታንከር የሚስበው መሣሪያ፣ ከሞተሩ ሙቀት ጋር ተጣብቆ ይውላል። ከፍታ የነዳጅንም የመፍያ ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ሞተሩ ከጋለ በኋላ ቤንዚኑ በፓምፑና በቧንቧው ውስጥ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ፓምፑ ፈሳሽ መሳብ ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው በእርጥብ ጨርቅ ፓምፑን ጠቅልሎ እስኪበርድ መጠበቅ ነበር።

ፋኑን ከቺንጋ ያላቀቀው ከሁሉ በላይ የሞተሩ አቀማመጥ መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ፊያት 128 ሞተሩን አግድም አስቀምጦ ራዲያተሩን ከፊት ስላደረገ፣ የክራንኩ ጫፍ ወደ መኪናው ጎን ዞረና ፋኑ የራሱን የኤሌክትሪክ ሞተር ፈለገ። በደርግ ዘመን የአዲስ አበባን ታክሲ የወረሰችው ላዳ በመሠረቷ ፊያት 124 ስትሆን ሞተሯ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ቢሆንም፣ ዘግየት ብለው በወጡት ዓይነቶቿ ላይ የኤሌክትሪክ ፋን ተገጥሞላታል። ይህን ፋን የሚያዘው በራዲያተሩ ታችኛ ጎን የሚታሰር የሙቀት ስዊች ነው፤ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያገናኛል፣ ወደ 87 ሲወርድ ያላቅቃል። ከላይ የተጠቀሰውን የአዲስ አበባን የመፍያ ነጥብ ያስታወሰ አንባቢ አደጋው ወዲያው ይገለጥለታል፤ ክዳኑ ግፊት መያዝ ባቆመ ላዳ ላይ ፋኑ የሚነሳውና ውሃው የሚፈላው በአንድ ሰዓት ነው። የቴስታታ ጋስኬት፣ ማለትም የሞተር ራስ ማሸጊያ፣ ሊቃጠል የሚችለው ፋኑ ተበላሽቶ ብቻ ሳይሆን በትክክል እየሠራ፣ ግን ለዚህ ከፍታ ዘግይቶ እየተነሳም ነው።

የሙቀት ስዊቹ ትንሽ መሣሪያ በመሆኑ ፋኑ የሚስበውን ከ10 እስከ 20 አምፔር የሚደርስ ኃይል ለረጅም ጊዜ ሊሸከም አይችልም፤ ሪሌ የገባው ይህን ሸክም ሊወስድለት ነው። ሪሌ አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሠራው መሣሪያ ጀምሮ የሚታወቅ፣ ለቴሌግራፍ መስመር ያገለገለ፣ በትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል የሚያዝ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። በመኪና ላይ ያለው ሲከፈት ከጥቁር ፕላስቲክ ክዳኑ ሥር በብረት እምብርት ላይ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ከእምብርቱ በላይ በስፕሪንግ የተያዘች የብረት ምላስ፣ በምላሷ ጫፍም ምስር የምታህል የብር ቅይጥ ነጥብ ይታያል። ከሥሩ 85 እና 86 የሚል ቁጥር ባላቸው እግሮች በኩል ከአምፔር አንድ አምስተኛ የማይበልጥ ኃይል ሲገባ ጥቅሉ ማግኔት ይሆናል፣ ምላሷን ይስባል፣ ነጥቦቹም ተገናኝተው ከ30 ወደ 87 እስከ 30 አምፔር ያሳልፋሉ። ምላሷ ስትመታ የምትሰጠው ጠቅታ ከኮፈን ውጭ ሆኖ ይሰማል። ነጥቦቹ በተላቀቁ ቁጥር ግን በመካከላቸው ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታው ብሩን እየላጠ ያጠቁረዋል፣ ውሎ አድሮም ወይ ኃይል ማሳለፍ ይሳነዋል ወይ ነጥቦቹን እርስ በርስ ያጣብቃል።

ለነዳጅ ፓምፑ ሪሌው የወሰደው ኃላፊነት ከዚህ የከበደ ነበር። ካርቡሬተር ቀርቶ ነዳጅ በግፊት የሚረጭበት ሥርዓት ሲመጣ፣ ቀድሞ ከሩብ ባር ብዙም የማይበልጠው ግፊት ወደ 3 ባር አደገ፤ ፓምፑም ወደ ታንከሩ ውስጥ ገብቶ በቤንዚኑ እየበረደ፣ ከኋላ እየገፋ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ሞተር ሆነ። የእርጥብ ጨርቁ ዘመን ያበቃው በዚህ ነው። ነገር ግን 3 ባር ግፊት ያለው ቤንዚን በግጭት ጊዜ ቧንቧ ቢቆረጥ ምን ይሆናል የሚለው አዲስ ጥያቄ ነበርና፣ መሐንዲሶች ፓምፑ ቁልፍ ስለተከፈተ ብቻ እንዳይሠራ፣ ይልቁንም ሞተሩ በእርግጥ እየዞረ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ኃይል እንዲያገኝ የሚያደርግ ልዩ ሪሌ አስገቡ። የቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ የአዲስ አበባን ጎዳና ሲሞሉ ይህ አሠራር አብሯቸው ገባ። ሞተር ሲጠፋ ፓምፑን በአንድ ቅጽበት የሚያቆመውን ሪሌ አልፎ በቀጥታ ሽቦ ማገናኘት፣ መኪናውን ለጊዜው ቢያስነሳም፣ የተሳፋሪን ሕይወት ከእሳት የሚጠብቀውን አጥር ማፍረስ ነው።

በመርካቶ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ንግድ ማዕከል የሆነችው ሶማሌ ተራ ለሪሌ ረጅም ዕድሜ የሰጠችው በዚህ ሁሉ ጊዜ ነው። የሪሌ እግሮች አቀማመጥና ቁጥር በብዙ አምራቾች ዘንድ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከአንድ አገር ከመጣ መኪና የተፈታው ለሌላው ያገለግላል፤ መሞከሪያው ባትሪ፣ አምፖልና ቁራጭ ሽቦ ብቻ ነው፤ ጠቅታው ተሰምቶ መብራት ካልበራ ነጥቡ ተቃጥሏል፣ ጠቅታው ጨርሶ ካልተሰማ ጥቅሉ ተበጥሷል ማለት ነው። ይህን ሪሌን የመምረጥ ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት የሚመለከቱ አሉ፤ አመለካከቱ ግን ትክክል አይደለም። ብልሽቱ በጆሮ የሚለይ፣ መተኪያው በአካባቢው የሚገኝ ዕቃ መምረጥ፣ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር፣ የሠለጠነ የሙያ ውሳኔ ነው።

ሶሊድ ስቴት ሪሌ ወይም ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ሪሌ የሚባለው፣ የብረት ምላሷን በሲሊኮን ቅንጣት፣ በተለይም ሞስፌት በሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት የሚተካ ነው። ትልቅ ኃይል የሚችል ሞስፌት ወደ ገበያ የወጣው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሆን፣ በቀጣዩ አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ የጀርመኑ ሲመንስ ሙቀት ሲበዛበት ወይም ሽቦ ሲነካካ ራሱን የሚያጠፋውን ፕሮፌት የተባለውን ዓይነት አወጣ። ብልጭታ የለውም፣ ነጥብ አይቃጠልበትም፤ ውስጣዊ ተቃውሞው 5 ሚሊኦም የሆነ ሞስፌት 20 አምፔር ሲያሳልፍ በሙቀት የሚያባክነው 2 ዋት ብቻ ነው። ዋናው ብልጫው ግን ይህ አይደለም። በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ መብራትና መጥፋት ስለሚችል፣ የበራበትንና የጠፋበትን ጊዜ ድርሻ በመለዋወጥ ፋኑን በሩብ፣ በግማሽ ወይም በሙሉ ፍጥነት ያዞረዋል። ሪሌ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ 92 ዲግሪ እስኪደርስ ዝም ይላል፣ ከዚያ በሙሉ ኃይሉ ይነሳል። ሞስፌት ግን በ80ዎቹ ዲግሪዎች ላይ ፋኑን በዝግታ አስነስቶ ሙቀቱ ከፍ እንዳይል ሊከላከል ይችላል፤ ለመፍላት ትንሽ በቀረው የአዲስ አበባ ውሃ ይህ ብልጫ ከየትም በላይ ዋጋ አለው።

ሆኖም ዓይነቱን ሳይለዩ መግጠም ጉዳት አለው። ፎቴክ በተባለው የንግድ ስምና በተመሳሳዮቹ ከሚሸጡት ሶሊድ ስቴት ሪሌዎች ውስጥ ቁጥሩ በ«ዲኤ» ፊደላት የሚያልቀው ለምድጃና ለመጋገሪያ ለሚሆን ተለዋዋጭ ኃይል የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው ትራያክ ወይም ታይሪስተር የሚባል ቅንጣት አንዴ ከበራ የሚጠፋው ኃይሉ ዜሮ ላይ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ፣ ዜሮ በማይነካው በባትሪ ኃይል ላይ ከተገጠመ ፋኑ ከተነሳ በኋላ አይቆምም። ለመኪና የሚሆነው በ«ዲዲ» የሚያልቀው ነው። እሱም ቢሆን ፋኑና ፓምፑ ጥቅል ሽቦ ያላቸው ሞተሮች ስለሆኑ፣ በጠፉ ቅጽበት የሚመልሱትን የኃይል ግፊት የሚያሳርፍ ዲዮድ ከጎኑ ካልታሰረለት ይቃጠላል፤ የሞስፌት ቅንጣት ደግሞ ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ፣ ማለትም ኃይል እያሳለፈ ይቀራል። ይህ በፋን ላይ ባትሪ ከመጨረስ ባያልፍም በነዳጅ ፓምፕ ላይ ግን ከላይ የተባለውን አጥር ያፈርሳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ፓምፑን በሞስፌት ቢያዝም እንኳ ከፊቱ ያለውን የፋብሪካ ሪሌ አያነሳም፤ አንዱ ፍጥነቱን ይመጥናል፣ ሌላው በአደጋ ጊዜ ይቆርጣል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በድልድዩ ላይ የሚያልፉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። በእነዚህ ላይ የነዳጅ ፓምፕ የለም፤ ፋኑና የማቀዝቀዣ ውሃው ፓምፕ ግን ባትሪውን ለማብረድ ጭምር ይሠራሉ፤ የሚዞሩትም ከመኪናው ኮምፒዩተር ትእዛዝ በሚቀበሉ ሞስፌቶች ነው። በዚያው መኪና ውስጥ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት በሚይዘው ባትሪና በተሽከርካሪው ሞተር መካከል ግን፣ ኮንታክተር የሚባሉ ጥቅል ሽቦ፣ ስፕሪንግና የብረት ነጥብ ያላቸው ትልልቅ ሪሌዎች ተቀምጠዋል፤ ምክንያቱም ሲሊኮን ጠፍቶም ቢሆን ጥቂት ኃይል ማሳለፉን ስለማያቆም፣ መኪናው ሲቆም፣ ሲጋጭ ወይም ለጥገና ሲከፈት ኃይሉን ፈጽሞ ሊለይ የሚችለው በሁለት ብረቶች መካከል የሚከፈት ክፍተት ነው።