ቦርከና የሚያወርደው አፈር

ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች የሚነሳው ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ሜዳ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቁልቁለቱ ስለሚያልቅ የተሸከመውን አፈር እዚያው ያራግፋል። በከሚሴ ዙሪያ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ የሚታፈስበት ሜዳ፣ በበጋም የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ከዚሁ ደለል የተሠሩ ናቸው። እዚህ አገር ደለልን ጠላት ብቻ ብሎ መጥራት ያስቸግራል። ሜዳው የጠገበው ተራራው ያጣውን ነው።

ተራራው ላይ ያለው ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አላየም። ከከሚሴ ብዙም በማይርቀው በሾንኬ ኮረብታ ላይ የአርጎባ የድንጋይ ቤቶች ዛሬም ቆመው ይታያሉ፤ አርጎባዎች በምሥራቁ ተዳፋት በካብ እርከን ሲያርሱ ኖረዋል።

መንግሥት ነገሩን በሰፊው የያዘው ከ1966ቱ የወሎ ረሀብ በኋላ ነው። ገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ እርከንና የቦረቦር ክትር የምግብ ለሥራ ፕሮግራም ዋና ተግባር ሆኑ። የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ደግሞ ማይባር ላይ፣ ከደሴ በስተደቡብ፣ ጣቢያ ከፈተ። 113 ሄክታር ገደማ የሆነውን ተፋሰስ የሚያፈስሰው የቆሪ ወንዝ የቦርከና ገባር ነው፤ የጣቢያው ሠራተኞች ጎርፉ በየዝናቡ ይዞት የሚሄደውን አፈር ይለኩ ነበር።

ስንዴው እስካለ ድረስ ካቡም ቆመ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሥርዓት ሲወድቅ ግን በብዙ አካባቢ እርከኑ ፈረሰ፣ የተከለለው ደን ተመነጠረ። ይህን የገበሬው አላዋቂነት ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ይመስላል፤ ሲታዘዝ እንጂ ሲጠየቅ አልኖረምና።

በቦርከና ላይ የተሠራ ግድብም በደለል መሞላቱ የታወቀ ታሪክ ነው። ላይ ያለው ቦረቦር ሳይዘጋ ታች የሚገነባ ግድብ የደለል ማጠራቀሚያ ይሆናል።

ቦረቦሩን የሚዘጋው ክትር ሥራው ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድንጋዩ ወይም ጋቢዮኑ (ድንጋይ የታጨቀበት የሽቦ ሳጥን) በሁለቱም ዳር ወደ ገደሉ ተቆፍሮ ካልገባ ውሃው በጎኑ ሰርጎ ይቆርጠዋል። መሐሉ ዝቅ ብሎ የውሃ መውረጃ ካልኖረው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይዞት ይሄዳል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ሲሆን በመሐላቸው ያለው ቦረቦር እየሞላ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። በኋላ ላይ በምግብ ለሥራ ፕሮግራሙ የተስፋፋው የደለል ማቆሪያ የአፈር ግድብ ከዚህ አልፎ፣ የተያዘውን ደለል እርሻ አደረገው። ታዲያ ትናንት ማንም የማይፈልገው ገደል ማሳ ሲሆን፣ ባለቤቱ የላይኛው ባለመሬት ነው ወይስ ድንጋይ የተሸከመው ወጣት? ግንባታው ሳይጀመር ካልተስማሙበት ክርክሩ ወደ ሽማግሌ መሄዱ አይቀርም።