ዝናብ ሲቀር፣ መንገድ ሲዘጋ

ውጫሌ ሲነሣ ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ነው። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ሲፈረም ግን ውጫሌ ያለችበት የወሎው አምባሰል ባላገር ሌላ ጭንቅ ይዞት ነበር። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው የደስታ በሽታ በሬውን ከላሙ ሳይለይ እየፈጀ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የ1880 ክረምትም በወጉ ሳይዘንብ አልፏል። ቀጥሎ የመጣውን ዘመን ሰው ክፉ ቀን አለው። ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠናው፣ ከሕዝቡም ሲሶው እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ያጣ ገበሬ መሬት እያለው ጦሙን አደረ፤ ዐፄ ምኒልክ በሬ የሌለው በእጁ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ።

በዚያው ሰሞን ጦር መንቀሳቀሱን አላቆመም። በ1882 ዓ.ም ምኒልክ ወደ ትግራይ ሲዘምቱ ሠራዊታቸው በስንቅ እጦት ተጎዳ። ደመወዝና የስንቅ ጭነት በሌለበት ዘመን ወታደር የሚኖረው ካለፈበት አገር ጎተራ ነው፤ ጎተራው ባዶ ከሆነ ወታደሩም ባላገሩም አብረው ይራባሉ።

አምባሰል ደግሞ መንገድ ዳር ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የተሁለደሬዋ ሐይቅ ከተማ ትገኛለች፤ ከዚያ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ እያለ መንገዱ ወልድያ ይገባል። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ አስፋልቱን ከማንጠፉ በፊትም ሰሜንና መሀል አገር የሚገናኙት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስሙ በመላ አገሪቱ የተሰማው፣ ተማሪ ከሩቅ የመጣለት፣ መንገድ ስላለ ጭምር ነው። ጦርም የሚመጣው በዚያው ነው።

እንግዳ ሰው ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውን ሐይቅ ሲያይ እዚህ አገር ረሃብ ምን ይሠራል ሊል ይችላል። ውኃው ግን ታች ነው፤ አብዛኛው ማሳ ከሐይቁ በላይ ተዳፋት ላይ ተሰቅሎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ገበሬዎቹ ሰማዩን የሚያዩትም በክረምት ብቻ አይደለም። ማሽላ ብዙ ወር መሬት ላይ የሚቆይ ሰብል ስለሆነ የቆላውና የወይና ደጋው ገበሬ በሚያዝያ የበልግ ዝናብ መዝራት አለበት። በልጉ ከቀረ ማሽላውን ትቶ እስከ ሐምሌ ይጠብቅና በዚያው ማሳ ጤፍ ይዘራል፤ እሱም ካልሆነለት ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ማሽላ ግን እህል ብቻ አይደለም፤ አገዳው የበሬ መኖ፣ ማገዶና የአጥር ማጠናከሪያ ነው። ማሽላውን ያጣ ቤት ጤፍ ቢያገኝ እንኳ በበጋ ለበሬው የሚሰጠው ያጥረዋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ በምሥራቁ የኢትዮጵያ ክፍል እየሳሳ መምጣቱን የአየር ንብረት አጥኚዎች ሲናገሩ፣ በዚህ አገር ቋንቋ በሬው ከሳ ማለታቸው ነው።

ድርቅ ግን ብቻውን ስንቱን ይገድላል? የወሎ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ወደ ሰው እጅ ያመለክታል።

ከደሴ ደቡብ ምዕራብ ያለው የወረኢሉ አውራጃ ረሃብ ወሬ አገር ግዛት ሚኒስቴር የደረሰው በ1958 ዓ.ም ኅዳር ግድም ነበር። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ ሌላ 302 ቀን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ነገር ይደረግ ብለው ሲያዙ ሚኒስቴሩ ያደረገው ነገር የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ከወሎ እንዲላክለት መጠየቅ ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ የ1965ቱ ረሃብ መጣ። የተራበው ሕዝብ ከየተራራው ወርዶ አስፋልቱ ዳር ተደረደረ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምቢልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በኋላ የደሴን ገበያ ዋጋ ሲመረምር ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል፤ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ የእህሉ ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይጫን እንደነበርም ተዘግቧል። የተራበው ሰው የሚገዛበት ስላልነበረው ገበያው አላወቀውም።

ስለ አምባሰል ገበሬ ግን ከሁሉም ቀረብ ብሎ የጻፈው ደሳለኝ ራህመቶ ነው። የ1977ቱን ረሃብ በዚያው በአምባሰል አውራጃ አጥንቶ በፈረንጆቹ 1991 ኡፕሳላ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገበሬው እጁን አጣጥፎ ሞትን የሚጠብቅ ሳይሆን ረሃብን በሥርዓት የሚዋጋ ሰው ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ከማዕዱ ይቀንሳል። ፍየልና በጉን ይሸጣል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ ጉልበቱን ሊሸጥ ይሄዳል። የእርሻ በሬውን እስከ መጨረሻው ይይዛል፤ አንዱ ቢሄድ እንኳ በቀረው ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ቤቱን ዘግቶ መሰደድ የመጨረሻው ነው።

በ1977 ዓ.ም እነዚህ በሮች አንድ በአንድ ተዘግተው ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ መውረድ በጦርነቱና በመንግሥት ቁጥጥር ምክንያት እንደ ድሮው አልሆነም። የመንግሥት የሆነው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ የእህል ኮታ ይጠይቃል፤ ነጋዴው በኬላ ይያዛል። በዚያ ላይ ሰፈራው መጣ። ከሰሜን ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦርና ሌሎች ቦታዎች ከተወሰዱት 600,000 ያህል ሰዎች አብዛኞቹ የወሎ ሰዎች ነበሩ፤ ከገበያና ከእርዳታ ማደያ ታፍሰው የተጫኑም ስለነበሩ፣ ስንዴ ሊቀበል መሄድ የፈራ ነበር። የዝናቡን እጥረት ወደ እልቂት ያሻገረው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለማነጻጸር የ2007 እና የ2008 ዓ.ም ድርቅ ይበቃል። በኤልኒኞ ምክንያት በልጉም ክረምቱም ተበላሽቶ በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የእህል እርዳታ አስፈልጎት ነበር፤ ደቡብ ወሎም ከተጎዱት አንዱ ነው። ከብት አልቋል፣ ሰው ከስቷል፤ የ1977 ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም። በጥር 1997 የተጀመረው፣ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚደግፈው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በቦታው ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን መንገዱ ክፍት ነበር፤ መኪና ከጅቡቲ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወልድያ ያለ ሥጋት ይመላለስ ነበር።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ያ መንገድ ግንባር ሆነ። የሕወሓት ጦር በነሐሴ 2013 ወልድያን፣ በጥቅምት 2014 ደሴን ያዘ፤ በመካከሉ ውርጌሳ፣ ውጫሌና ሐይቅ የውጊያ ስም ሆኑ። የፌዴራሉ መንግሥት ደሴና ኮምቦልቻን ያስመለሰው በኅዳር መጨረሻ ነው። ጥቅምትና ኅዳር የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው። ማሳው ላይ ቆሞ የደረሰው ሰብል ባለቤት ደሴ፣ ከዚያም አልፎ ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ ሆኖ ተቀመጠ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኮምቦልቻ ያሉት መጋዘኖቹ ተዘርፈው በደሴና በኮምቦልቻ ማደሉን አቋረጠ። በዚያ ዓመት የጠፋው የሚበላው እህል ብቻ አይደለም፤ ለዘር የተቀመጠውም፣ የታረደው የእርሻ በሬም አለበት፤ እነዚህን ለመተካት አንድ ጥሩ ክረምት አይበቃም።

ያን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ ዓመት ሳይሞላው ግን የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። በ2015 ዓ.ም መገባደጃ ገበሬው ማዳበሪያ አጣሁ እያለ በየከተማው ሰልፍ ወጣ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ውጊያም መንገድ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከሰኔ አልፎ ቢደርስ ለዚያ ዓመት ብዙም አይረባም። በልጉ የቀረበት የአምባሰል ገበሬ ደግሞ በሐምሌ ወደ ጤፍ ሲዞር የጤፉን ዘር የሚያገኘው ከገበያ ነው፤ ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ ክፍት ከሆነ።