በአምበር ውስጥ ተጠብቆ የተገኘ የጠፋ አዳኝ ጉንዳን፦ አምበር ለሚያገኙ ዜጎች የቀረበ መረጃ

አምበር ከጥንት ዛፎች የፈሰሰ ሙጫ በደለል ተቀብሮ በሚሊዮኖች ዓመታት ሂደት ሲጠነክር የሚፈጠር፣ ለጌጣጌጥም የሚያገለግል ቁስ ነው። ሙጫው ገና ለስላሳ ሳለ ያረፉበት ነፍሳት ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ተከትሎ የሚፈሰው ሙጫም ሸፍኖ ከመበስበስ ይጠብቃቸዋል።

የኢትዮጵያ አምበር

በሰሜን ሸዋ በዓለም ከተማ አካባቢ የሚገኘው አምበር እ.ኤ.አ. በ2010 ለሳይንሱ ዓለም ሲገለጽ ዕድሜው 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ተገምቶ ነበር። በውስጡ በተገኙት ፍጥረታትና በአበባ ብናኝ ላይ የተደረገ ተጨማሪ ጥናት ግን ዕድሜው ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን አመልክቷል።

ዴስዮፖን ሄርዮን

ይህ የጉንዳን ዝርያ ከምድረ ገጽ የጠፋ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በሳይንስ ተመዝግቧል። መነሻው 13 ጉንዳኖችን የያዘ አንድ የኢትዮጵያ አምበር ነው። ጉንዳኖቹ በዓይን በግልጽ ስለማይታዩ በጀርመን ሀገር በሃምቡርግ ከተማ በኤክስሬይ ጨረር ተቃኝተው፣ አምበሩ ሳይቆረጥ ቅርጻቸው በሦስት አውታር ምስል ተነሥቷል። የዝርያው ስምም በምርመራው ከተሳተፉ ሁለት የምርምር ተቋማት መጠሪያ የተወሰደ ነው። ዝርያው ፖኔሪኔ ከተባለው ንዑስ ቤተሰብ ይመደባል፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት የዚህ ወገን ጉንዳኖች በአብዛኛው ትናንሽ ፍጥረታትን እያደኑ፣ በመንደፊያቸው እያደነዘዙ የሚመገቡ ናቸው።

አምበር ሲያገኙ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

አምበሩ ለጨሌ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ዝርያ ሳይታወቅ በቀረ ነበር። የተገኘበት ቦታ ያልተመዘገበ አምበርም ዕድሜውን ለመወሰን አዳጋች ይሆናል። ስለሆነም፦

1. አምበሩን ከመቁረጥ፣ ከመሞረድና በጋለ መርፌ ከመፈተን ይቆጠቡ።
2. የተገኘበትን ቀበሌ፣ ቦታና የአፈር ንብርብር፣ እንዲሁም ቀኑን በጽሑፍ ይያዙ።
3. ከፀሐይና ከሙቀት አርቀው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ።
4. በውስጡ ነፍሳት ወይም የዕፅዋት ቅሪት ካዩ፣ በአቅራቢያዎ ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ።

አምበርን ለማምረት አስቀድሞ የማዕድን ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ የሚሰጠው በክልሉ ፈቃድ ሰጪ አካል ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።